ከፋሲካ ማግስት፦ ትንሣኤን በኑሮ ለመግለጥ ሰባት ደረጃዎች

ፋሲካ ባለፈ ሰሞን በኩታበር ከተማም ሆነ ከዚያ ወዲያ እስከ መካነ ሰላም በተዘረጋው ደጋ፣ ምእመናን ከቅዳሴ ሲወጡ ወይም ቡና ላይ ሲቀመጡ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ሁዳዴን 55 ቀን ጾምን፣ በስቅለት ሰገድን፣ ቅዳሜ ቄጤማውን በራሳችን አሰርን፣ ሌሊቱን አስቀድሰን ፈሰክን፤ ከዚያስ? ጾሙ ቀንና ሰዓት ነበረው፤ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚሰገድ ይታወቅ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን ሥጋው እስኪያልቅ በዓል ይሆንና ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የተኳረፈው እንደተኳረፈ ይቀራል፤ ጠጪውም መጠጡን፣ ሐዘንተኛውም ብቻውን መቀመጡን ይቀጥላል።

በትንሣኤ የሚያምን ሰው በሥራው የሚለየው ሰዉ ሁሉ «በቃ፣ አልቆለታል» ባለው ነገር ፊት ሲቆም ነው። ክርስቶስ ሞትን ድል አድርጎ እንደተነሣ ከልቡ ካመነ፣ የሞተ የመሰለውን ዝምድና፣ ተስፋ የተቆረጠበትን ልማድ፣ የተረሳውን ሐዘንተኛ እንደ ተቀበረ ቆጥሮ አያልፍም፤ ሄዶ ያየዋል። የዚህ መመሪያ ዓላማ አካሄዱን ማሳየት ነው።

መንገዱን አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከፋሲካ ቀጥሎ ላለው ሳምንት ለየቀኑ መታሰቢያ ሰጥታለች። ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፣ ዐርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት፣ እሑድ ዳግማ ትንሣኤ ይባላሉ። እዚህ እያንዳንዱን መታሰቢያ ወደ አንድ ሥራ እናመጣዋለን። ሥራው በዚያ ሳምንት ይጀመርና እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ይዘልቃል። የወንጌላውያን ወይም የካቶሊክ አማኝ ከሆኑ ስሞቹን ባይጠቀሙባቸውም ሥራዎቹ ለእርስዎም ይሆናሉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

• አንድ ደብተርና እስክርቢቶ። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ በቤቱ ያለ ተማሪ ይጻፍልዎ፤ ምሥጢር የሆነውን ብቻ በልብዎ ይያዙት።

• የንስሐ አባትዎ። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዐርብ አይጾምም፣ ስግደትም የለም። ስለዚህ በጾሙ ወቅት የለመዱት መደገፊያ ይነሣል። የትኛውን ጸሎት በየትኛው ሰዓት እንደሚቀጥሉ አስቀድመው ይጠይቋቸው።

• በቀን ሩብ ሰዓት። ከብት ከመውጣቱ በፊት ወይም ከራት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰዓቱ ግን በየቀኑ ያው ይሁን።

• አንድ አብሮዎት የሚሄድ ሰው። የትዳር ጓደኛ፣ የማኅበር ባልደረባ ወይም የክርስትና ልጅ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «አልቋል» ብለው የተዉዋቸውን ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ አንድ የተቋረጠ ዝምድና፣ አንድ ያሸነፈዎት ልማድ ወይም ዕዳ፣ አንድ የተረሳ ሰው ወይም ቤት። የብዙ ሰው ስሕተት ዐሥር ነገር መጻፍ ነው። ዐሥር የጻፈ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን ይዘጋዋል፤ ሦስት የጻፈ ግን ቢያንስ አንዱን ዳር ያደርሳል።

1. ሰኞ፣ ማዕዶት፦ ወደ ተጣሉት ሰው ይሻገሩ

ቀኑ ሰው ከሞት ወደ ሕይወት መሻገሩን የምናስብበት ነው። ከዕርቅ የምንጀምረው ክርስቶስ ራሱ ከዚያ ስለጀመረ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 እንደምናነበው፣ ከተነሣ በኋላ ወደ ደቀ መዛሙርቱ በተዘጋ ቤት ሲገባ በመጀመሪያ የሰጣቸው ሰላምን ነው። በመከራው ሌሊት ጥለውት የሸሹት እነዚያው ነበሩ፤ እሱ ግን ወቀሳን አላስቀደመም።

በደጋው ያለው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይታወቃል፦ የማሳ ድንበር፣ ውርስ፣ እህል ውስጥ የገባ ከብት፣ ያልተመለሰ ብድር። እንዲህ ያድርጉ።

በመጀመሪያ ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን አንድ ወይም ሁለት ሽማግሌ ይምረጡ። የተጣሉት ሙስሊም ጎረቤትዎን ከሆነ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሽማግሌ ይሁን፤ በወሎ የቆየው ልማድም ይኸው ነው። ቀጥሎ የራስዎን ጥፋት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያዘጋጁ፤ «ነገር ግን አንተም» የሚል ቃል አይከተለው። ከዚያ የሚመለስ ነገር ካለ ከይቅርታው ጋር ይዘው ይሂዱ። ከብትዎ እህል አጥፍቶ ከሆነ የጠፋውን እህል፣ ብድር ከሆነ ቢያንስ የተወሰነውን ይዘው ይቅረቡ። ነገሩ የድንበር ከሆነ ሁለታችሁም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁን ይዛችሁ በሽማግሌዎቹና በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ሰው ፊት ድንበሩን ለዩ፤ ምልክቱን ያን ዕለት ትከሉ። በቃል ብቻ የታረቀ ድንበር በክረምቱ እርሻ እንደገና ጠብ ይሆናል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ደም የፈሰሰበት ነገር ለብቻ የሚሞከር አይደለም፤ ደም የሚያደርቁ አስታራቂዎች፣ በወሎ አበጋር የሚባሉትም፣ ሕግም ያስፈልጋሉ። ሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ የምትደበደብን ሴት «ፋሲካ ነው፣ ታረቂ» ብሎ ወደ ዱላ መመለስ ዕርቅ አይባልም። መጀመሪያ ደኅንነቷ ይጠበቅ።

ሄደው ሳይቀበሉዎት ቢቀሩ አይዘኑ። የሚጠየቁት በሩን ስለማንኳኳትዎ ነው። በ50ው ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ደግመው ይሞክሩ።

2. ማክሰኞ፣ ቶማስ፦ ጥያቄን በቤትዎ ቦታ ይስጡት

ቶማስ በመጀመሪያው ምሽት አልነበረም፤ ባልንጀሮቹ ጌታን አየነው ሲሉት እጄን ካላገባሁ አላምንም አለ። ልብ የሚባለው ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ባልንጀሮቹ አላባረሩትም፤ ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ ሲመጣ ቶማስ በመካከላቸው ነበር። በየቤታችን ያለው ወጣት፣ ከደሴ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ለበዓል የመጣው ልጅ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ሊኖረው ይችላል። ጥያቄው ሲነሣ የምናደርገው ነገር ልጁ በመካከላችን እንዲቆይ ወይም እንዲሄድ ያደርጋል።

ለዚህ ደረጃ የሚያስፈልገው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የሚነበቡት ማቴዎስ 28፣ ማርቆስ 16፣ ሉቃስ 24፣ ዮሐንስ 20 እና 21፣ እንዲሁም 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ናቸው። በጠቅላላው 207 ቁጥር ይሆናሉ። በቀን 5 ቁጥር ብታነቡ ከዕርገት በዓል ጥቂት ቀን አለፍ ብላችሁ ትጨርሳላችሁ። ማንበብ የሚችለው ልጅ ያንብብ፣ ሌላው ይስማ። ከተነበበ በኋላ እያንዳንዱ ያልገባውን አንድ ነገር ይናገር፤ ጥያቄው በደብተሩ ይጻፍ። እሑድ ሲደርስ ጥያቄዎቹን ለንስሐ አባት ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ይውሰዱ።

ወላጅ የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» ብሎ መቆጣት ነው፤ ልጁ ዝም ይላል እንጂ ጥያቄው አይጠፋም። ሌላው የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆኖ መመለስ ነው፤ ልጁ እውነቱን ሌላ ቦታ ሲያገኘው እርስዎን ብቻ ሳይሆን እምነቱንም ይጠራጠራል። «አላውቀውም፣ አብረን እንጠይቅ» ማለት ከሁለቱም ይሻላል።

ኩታበር ላይ ጥያቄው ከጎረቤትም ይመጣል። ሙስሊም ወዳጅዎ ስለ ስቅለትና ስለ ትንሣኤ ያላቸው እምነት ከእርስዎ የተለየ ነው። ቢጠይቁዎ የሚያምኑትንና ለምን ተስፋ እንደሚሰጥዎ በአጭሩ ይንገሯቸው፤ የእሳቸውንም እስከ መጨረሻው ይስሙ። በክርክር ለመርታት መሞከር ጎረቤትን ያሳጣል። ሰው እምነትዎን የሚመዝነው በሰኞው ዕርቅ ነው።

3. ረቡዕ፣ አልዓዛር፦ ቅሬው ከተበተነ በኋላ ሐዘንተኛውን ይጠይቁ

ክርስቶስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አለቀሰ። ስለዚህ በትንሣኤ የሚያምን ሰው አያልቅስ የሚል ትምህርት ከዚህ አይወጣም። ሐዘንተኛን «አማኝ አይደለህም ወይ? ምን ያስለቅስሃል?» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

በቀብር ዕለት ችግር የለብንም። ቅሬው ተጠራርቶ መቃብር ይቆፍራል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይሸኛል፣ እህልና ውኃ ወደ ለቅሶ ቤት ይመጣል። ጉድለቱ የሚጀምረው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው። ፋሲካ ደግሞ በዚህ ዓመት ሰው ለሞተበት ቤት ከባድ ቀን ነው፤ በግ የሚያርደው አባት ወይም ዶሮውን የምትሠራው እናት የሌለችበት የመጀመሪያው በዓል ነውና። በዚህ ዓመት ሐዘን የደረሰባቸውን የቅርብ ቤቶች በደብተርዎ ይጻፉ። በ50ው ቀናት ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ቤት ይሂዱ። ባዶ እጅዎን አይሂዱ፣ ግን ብዙም አይሸከሙ፤ አንድ ዳቦ ወይም ትንሽ ቡና ይበቃል። የሟቹን ስም ጠርተው ስለሱ አንድ መልካም ነገር ያንሱ። ሰው «እንዳላስታውሳቸው» እያለ ስሙን ሲያስቀር ሐዘንተኛው ዘመዱ ሁለት ጊዜ የሞተበት ይመስለዋል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ቤቶች አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ኩታበርና ቦሩ ሜዳ ሲደርስ ሰው ያጡ፣ ሬሳ እንኳ ያላገኙ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። ልጃቸው በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ ሀገር ሲሄድ ወሬው የጠፋባቸውም አሉ። ለእነዚህ ቤቶች «ሞቷል፣ እርም አውጡ» ወይም «አለ፣ ይመጣል» ብለው አይፍረዱ፤ ሁለቱንም አያውቁምና። የልጁን ስም ጠርተው አብረው ይጸልዩ። ወሬ የሚያፈላልግ ካለ ያገናኙ፣ ደብዳቤ ወይም ስልክ የሚያስፈልግ ከሆነ ያግዙ። የእግዚአብሔር እጅ መቃብር በሌለበትም እንደምትደርስ ማመን ለእነሱ የመጨረሻው መጽናኛ ነው።

የተዝካርም ነገር አለ። ለ40 ቀን ተዝካር የእርሻ በሬውን ሸጦ ወይም በአራጣ ተበድሮ የደገሰ ቤት በክረምቱ የሚያርስበት ያጣል። ተዝካሩ ሊደርስ ሲል ከንስሐ አባት ጋር ተማክራችሁ መጠኑን አስቀድማችሁ ወስኑ። ጸሎቱና ቅዳሴው ይቅደም፣ ለድሆችና ለቆሎ ተማሪዎች የሚሆን ምግብ ይከተል፣ ለሌላው ድግስ አቅም ይወስነው። ቅሬው በአንድ ድምፅ «እስከዚህ ድረስ» ብሎ ቢቆርጥ ድሃው ከሐሜት ይድናል። እርስዎ የቅሬ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ከሆኑ ይህን ሐሳብ በሚቀጥለው ስብሰባ ያንሱ።

4. ሐሙስ፣ አዳም፦ ካሰረዎት አንድ ነገር ይውጡ

በዚህ ቀን የአዳምን ከእስራት መፈታት እናስባለን። በፋሲካ ሰላምታችንም ካህኑና ሕዝቡ እየተቀባበሉ ሰይጣን መታሰሩን፣ አዳም ነጻ መውጣቱን ይናገራሉ። ይህን ሰላምታ 50 ቀን ሙሉ እየተለዋወጡ ለአረቄ፣ ለጫት ወይም ለአራጣ እንደታሰሩ መቆየት ልብን ያቆስላል። ስለዚህ በደብተርዎ የጻፉትን አንድ ልማድ ወይም ዕዳ ዛሬ ይያዙ።

ልማድ ከሆነ፣ መቼና ከማን ጋር እንደሚነሣብዎ ለአንድ ሳምንት ይጻፉ። ገበያ ውሎ ሲመለሱ ነው? ከአንድ ሰው ጋር ሲገናኙ ነው? ሰዓቱ ከታወቀ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ያስገቡ። በገበያ ቀን ከሚስትዎ ወይም ከልጅዎ ጋር ይመለሱ፤ ገንዘቡን እነሱ ይያዙ። አብሮዎት የሚሄደው ሰው ማታ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅዎት፤ «ዛሬስ?»

በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው ግን በአንድ ጊዜ አያቁም። መንቀጥቀጥ፣ ብዙ ላብ፣ መቃዠት ወይም መጣል ሊመጣ ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወይም ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዶ ሐኪም ያማክር። ጸበልና ሕክምናን አብሮ መያዝ ይቻላል፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ጣል የሚል ሰው ካለ አይስሙት።

ዕዳ ከሆነ፣ ለማን፣ ስንት፣ በስንት ወለድ ብለው ሁሉንም በአንድ ገጽ ይጻፉ። ብዙ ሰው ድምሩን ስለሚፈራ አይጽፈውም፤ ያልተጻፈ ዕዳ ግን እያደገ ይሄዳል። ወለዱ ከሁሉ የሚከፋው ይቅደም። የአራጣውን ዕዳ ከቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ከጸደይ ባንክ በሚገኝ ዝቅ ያለ ወለድ መተካት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። አበዳሪው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ የዚህ ቀን ሥራ ሌላ ነው። መክፈል ላቃተው አንድ ሰው ወለዱን ይተዉለት ወይም ጊዜ ይስጡት። አዳም የተፈታው ከፍሎ አይደለም።

ቢወድቁስ? በማግሥቱ ይነሡ። ስሕተቱ መውደቁ ብቻ አይደለም፤ «አንዴ ከወደቅሁማ» ብሎ የቀሩትን ቀናት መጣል ከዚያ ይብሳል። ለንስሐ አባትዎ ይናገሩና ከቆሙበት ይቀጥሉ።

5. ዐርብ፣ ቤተ ክርስቲያን፦ ለአጥቢያው የሚተርፍ ሥራ ይሥሩ

ክርስቶስ በደሙ የመሠረታት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ቀን ትታሰባለች። ከእምነታችን የሚጠቀመው ራሳችን ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏል። ለአጥቢያዎ ሊሠሩ የሚችሉት ሁለት ሥራ እንመልከት፤ አንዱን ይምረጡ።

የመጀመሪያው የደብሩ ዛፍ ነው። በደጋችን የተፈጥሮ ደን ተመናምኖ ጽድና ወይራ በብዛት የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። በዓለ ሃምሳ ለመትከል ዝግጅት የሚስማማ ወቅት ነው፤ ፋሲካ ብዙ ጊዜ በሚያዝያ ይውልና ጰራቅሊጦስ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ይሆናል፤ ከዚያ ክረምቱ ይገባል። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። የላዩን ለም አፈር ለብቻ ያኑሩት፤ ሲተክሉ መጀመሪያ የሚመለሰው እሱ ነው። ከቀበሌው የችግኝ ጣቢያ ጽድ፣ ወይራ ወይም ኮሶ አስቀድመው ይጠይቁ። መሬቱ በሐምሌ በደንብ ሲርስ ይትከሉ። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ አይትከሉ፤ ውኃውን ይመጥጠዋል። ብዙ ችግኝ የሚሞተው ከተተከለ በኋላ ፍየልና በግ ስለሚበላውና በበጋው የሚያጠጣው ስለሚያጣ ነው። ስለዚህ መቶ ተክሎ ከመተው አምስት ተክሎ አጥሮ እስከ ሚቀጥለው ክረምት መጠበቅ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ተጠሪ ቤት ይመደብለት።

ሁለተኛው የደብሩ ሰው ነው። የቆሎ ተማሪው ከሩቅ አገር መጥቶ ለምኖ የሚማር ልጅ ነው፤ በጾሙ ጊዜ የነበረው ምጽዋት ከፋሲካ በኋላ ይቀንስበታል። አምስት ቤቶች ተስማምታችሁ በየተራ አንድ ተማሪ የምታበሉበትን ቀን መድቡ። ልብስ ማጠቢያ ሳሙናና በደጋው ብርድ የሚለብሰው ጋቢም ይታሰብለት። መነኮሳይት፣ ዓይነ ስውር ወይም ጧሪ ያጡ አረጋዊ በደጀ ሰላሙ ካሉም እንዲሁ።

በቅርጫ ሥጋ ስትካፈሉም አንድ መደብ ለሌለው ሰው አስቀሩ። ስታደርሱለት ግን ሌሊት ወይም በልጅ እጅ ይሁን፤ ሰው ፊት የሚሰጥ ሥጋ የተቀባዩን ፊት ያጠቁራል።

6. ቅዳሜ፣ ቅዱሳት አንስት፦ እንቅፋቱ ሳይነሣ ለእንክብካቤ ይውጡ

ሽቱ ይዘው በማለዳ ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ በመንገድ የሚጨነቁት ድንጋዩን ማን እንደሚያንከባልልላቸው ነው። መልስ አልነበራቸውም፤ ግን አልተመለሱም። ትንሣኤን መጀመሪያ የሰሙትም እነሱ ሆኑ። የእንክብካቤ ሥራ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ነገር እስኪሟላ የሚጠብቅ ሰው አይጀምርም።

በአቅራቢያዎ የታመመ ወይም አልጋ የያዘ ሰው፣ አለዚያም ልትወልድ የደረሰች ሴት ትኖራለች። ሦስት ነገር ይጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያቸው ታድሷል? መኪና የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ሌሊት ድንገት ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ተመርጠዋል? ጤና ጣቢያ አብሮ የሚያድር፣ ቤት ያሉትን ልጆችና ከብቶች የሚጠብቅ ማን ነው? የእነዚህ መልስ ቀድሞ ከታወቀ ነፍስ ይተርፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ስልክ በደብተርዎ ይያዙ።

የዚህ ቀን ሌላው ሥራ በራስዎ ቤት ውስጥ ነው። በፋሲካ ሰሞን እንጀራ ሲጋገር፣ ዶሮ ሲሠራ፣ ጠላ ሲጠመቅ፣ እንግዳ ሲስተናገድ ያደረች ሴት ቅዳሜ ስትደርስ ደክማለች። የትንሣኤን ዜና መጀመሪያ ላደረሱት ሴቶች ክብር ያለው ወንድ በዚህ ቀን ውኃ ይቅዳ፣ እንጨት ይፍለጥ፣ እንግዳ ያስተናግድ፤ ወንዶች ልጆቹም ያግዙት። ይህ ለአንድ ቀን ተደርጎ የሚቀር እንዳይሆን ከሳምንቱ ሥራ አንዱን ለዘለቄታው ይረከቡ። ለምሳሌ ውኃ መቅዳትን ይውሰዱት። «የሴት ሥራ ሠራ» የሚል ቢመጣ፣ ክርስቶስ ከተነሣ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ እሳት አንድዶ ቁርስ እንዳዘጋጀ ይንገሩት፤ ዮሐንስ 21 ላይ አለ።

7. እሑድ፣ ዳግማ ትንሣኤ፦ በየሳምንቱ ይድገሙት

ዳግማ ትንሣኤ ጌታ ለቶማስ የተገለጠበትን ዕለት ያስባል። እሑድ ሁሉ የትንሣኤ መታሰቢያ ስለሆነ ሥራውን ዓመቱን ሙሉ የሚያስቀጥለው ቀን ይኸው ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ከሰንበቴ ማኅበርዎ ጋር ሲቀመጡ፣ ጠላውና ዳቦው ከመዞሩ በፊት ለዐሥር ደቂቃ ሦስት ነገር ይነጋገሩ። ባለፈው ሳምንት ማን ዘንድ ሄድን? በዚህ ሳምንት ማን ዘንድ እንሂድ? ያቃተን ነገር ማን ሊያግዘን ይችላል? አንድ ሰው ይጻፈው። ሰንበቴ ከሌለዎት ከቤተሰብዎ ጋር ያድርጉት።

ጎረቤትዎንም በዚህ ቀን ቡና ይጥሩ። ሙስሊም ጎረቤትዎ የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበሉ ስለሚታወቅ «ለበዓል ቅመሱ» እያሉ አያስጨንቋቸው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ማርና ቡና ያቅርቡ። በሰኞ የታረቁት ሰው ካለ እሱንም ይጥሩ፤ ዕርቅ የሚጸናው አብሮ በመቅመስ ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብዎ ከመፎካከር ነው። የማን ቤት ብዙ ሐዘንተኛ ጠየቀ፣ ማን ብዙ ዛፍ ተከለ እያሉ መቁጠር ሥራውን ያበላሸዋል። የሚቆጠረው ያልተጎበኘው ቤት ነው።

ከ50ው ቀን በኋላ

ዕርገት በ40ኛው፣ ጰራቅሊጦስ በ50ኛው ቀን ይውላል። ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ይገባል። ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ በኋላ ወደ ስብከት ሲወጡ እንደጾሙ፣ እርስዎም በዚያ ዋዜማ ደብተርዎን ይክፈቱና የጻፏቸውን ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ ይዩ። የተፈጸመውን ለንስሐ አባትዎ ነግረው እግዚአብሔርን ያመስግኑ። በመንገድ ላይ ያለውን በጾሙ ይዘውት ይዝለቁ። ጨርሶ ያልተነካውን ለምን እንዳልተነካ ይጻፉ፤ ፍርሃት ነው ወይስ ጊዜ ማጣት? ፍርሃት ከሆነ አብሮዎት የሚሄደውን ሰው ይውሰዱ፤ ጊዜ ከሆነ ከሳምንቱ አንዱን ቀን ይመድቡለት።

የራስዎ ጉልበት አልቆ ሥራው ያላለቀበት ጊዜም ይመጣል። ዕርቁን አልቀበልም ያለ ወንድም፣ ከሱስ ያልወጣ ልጅ፣ ወሬው ያልተሰማ ስደተኛ ይኖራል። እምነታችን ከሥራ ዝርዝር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የምንሄደው ውጤቱን ስለያዝነው አይደለም፤ ሞትን ያሸነፈው ቀድሞን ስለሄደ ነው። ስለዚህ ያልተሳካውን ከደብተሩ አይሰርዙት። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ገጽ ላይ መልሰው ይጻፉት፤ የሚሄዱበትንም ቀን ከጎኑ ያስፍሩ።